የምርጫው ቀን ሁለት ፓዮች

ሉዌላ ሃርትዝለር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። ዛሬ ፕላም ፎርክ ውስጥ ጺሙን አሳድጎ፣ ትራክተር ገዝቶ የሚንጎራደደው ወንድ ሁሉ አንድ ቀን እሷ አውቶቡስ ውስጥ ወይ አልቅሷል ወይ አስመልሷል። እሷም አትረሳውም፤ እነሱም እንዳልረሳች ያውቃሉ። ስለዚህ በመንደራችን ሉዌላን ደፍሮ የሚናገር ሰው የለም፣ ከታላቅ እህቷ ከኦርፋ በቀር።

ኦርፋ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አሳማና በቆሎ ስታሳድግ ኖራ፣ ጉልበቷ ሲደክም እርሻውን ለጎረቤት ሰጥታ፣ አሁን ጎረቤቱ እንዴት እንደሚያርስ በመስኮት እያየች ትተቻለች። ሪፐብሊካን ናት። ሉዌላ ዴሞክራት ናት። በወላጆቻቸው ጊዜ ይኼ ነገር ከቁም ነገር አይቆጠርም ነበር። አባት ከወዲህ፣ እናት ከወዲያ ሆነው፣ በምርጫ ቀን ማለዳ አንድ መኪና ውስጥ ገብተው ሄደው አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰርዞ ይመለስና፣ ማታ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ።

ኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። በየግቢው የተተከለው የምርጫ ሰሌዳ ምርጫው ካለፈም በኋላ አልነቀል አለ። ሰው ፀጉሩን የሚቆረጥበትን ቤት ሳይቀር በፓርቲ መረጠ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ እንደሆነ አንድ ነገር፣ ሰማያዊ ያደረገ እንደሆነ ሌላ ነገር ይባልለት ጀመር፤ ቀዩ የሪፐብሊካን፣ ሰማያዊው የዴሞክራት ነዋ። ምስኪኑ ኮፍያ የተገዛው ለፀሐይ ነው ብሎ የሚከራከር አልተገኘም። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ የሰው ልጅ ስንት ነገር ተሸክሞ ሲኖር ቀለም ብቻ ታየ።

እህትማማቾቹ የተጣሉት ቤተሰብ ሁሉ ለማዕድ በሚሰበሰብበት በዓል፣ በምስጋና ቀን፣ በሉዌላ ቤት ነው፤ ያውም በጸሎት መሃል። ምርጫው ካለቀ ገና ወር አልሞላውም። ተርኪ ዶሮው ተጠብሶ ወጥቷል፣ የተፈጨው ድንች ቅቤ ጠጥቷል፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን እጅ ለእጅ ተያይዟል። ጸሎት የታላቅ ነውና ኦርፋ ጀመረች። ስለ ጤና አመሰገነች። ስለ አዝመራው አመሰገነች። ቀጥላ ምን እንደነካት እንጃ፣ ስለ ምርጫው ውጤት አመሰገነች። ሌላው ሁሉ ሳህኑ ላይ ያለውን በቆሎ እያየ «አሜን» አለ። ሉዌላ አላለችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልፍ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ለካ እግዚአብሔርም ለመምረጥ ተመዝግቧል» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኦርፋ ተነሳች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ገና ቢላ ያልነካውን የብሉቤሪ ፓይዋን፣ ያንን ፍሬ በሊጥ ሞልታ የጋገረችውን ጣፋጭ፣ ከነሳህኑ አንስታ ወጣች።

እዚህ ላይ የነገሩ ክብደት ይግባችሁ። በፕላም ፎርክ ሰው ምግብ ይዞ ሲመጣ ሳህኑን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ከሳህኑ ሥር ስሙ በፕላስተር ተለጥፏል። ሳህኑን የተወ ሰው አንድ ቀን ሊወስደው ይመጣል፣ አለዚያም ሳህኑ ወደ እሱ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ነው ጉርብትናው የሚኖረው። ተሳድቦ የታረቀ እናውቃለን፣ በአጥር ተካሶ የታረቀም እናውቃለን። ያመጣውን ፓይ ይዞ የተመለሰ ሰው ግን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ። እንደኛ ባለች ትንሽ መንደር መኳረፍ ራሱ ሥራ ነው። አንዷ ሱቅ ስትገባ አንዷ በጓሮ በር ትወጣለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ተቀምጠው መዝሙር ሲዘመር ብቻ ድምፃቸው ይገናኛል። ሉዌላ ስልኩን ስንት ጊዜ አንስታ እንዳስቀመጠች እሷና ስልኩ ይወቁት። እህቷ ናፍቃታለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለቱም ሰባ ዓመትን አልፈዋል፤ አንዷ ብትሞት ሌላዋ በምን ፊቷ ቀብር ላይ እንደምትቆም ስታስበው እንቅልፍ ያሳጣታል። ግን እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ልደውል ትልና መልሳ እሷ ትደውል ትላለች።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ሉዌላ ጡረታ ከወጣች ወዲህ በምርጫ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የዴሞክራቶቹ አስፈጻሚ ሆና ትውላለች። የጣቢያው ሕግ የተጻፈው ማንም ማንንም አያምንም ተብሎ ስለሆነ፣ ሁሉ ነገር በጥንድ ነው፤ አንድ ከወዲህ፣ አንድ ከወዲያ። በሩን ሁለቱ ይከፍታሉ። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ሲረዳ ሁለቱ አጠገቡ ይቆማሉ። አቤቱታ ሲመጣ ሁለቱ ተስማምተው ይፈርዳሉ። ሲመሽ ድምፅ የተሰጠባቸውን ወረቀቶች በታሸገ ቦርሳ ይዘው ሁለቱ በአንድ መኪና ወደ አውራጃው ከተማ ያደርሳሉ፤ አንዳቸውም ለአፍታ እንኳ ከቦርሳው ጋር ብቻቸውን መቅረት የለባቸውም።

የሪፐብሊካኖቹን ወንበር ለብዙ ዘመን የያዘው ሚስተር ኤልደን ነበር፤ ከቁርስ በኋላ አንቀላፍቶ እስከ ምሳ የሚያንኮራፋ፣ ለማንም የማያዳላ ሰው። ኩርፊያው አራት ዓመት በሞላው ዓመት ከጣሪያው ጠርዝ ቅጠል ሲጠርግ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። የምርጫ ቢሮው ለሉዌላ ደውሎ፣ ምትክ ካልተገኘ የፕላም ፎርክ ጣቢያ ይዘጋል፣ ሰዉ አውራጃው ከተማ ድረስ ሄዶ ይመርጣል አላት። ሪፐብሊካን ጠፍቶ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ድንጋይ ብታነሱ ከሥሩ ሪፐብሊካን ይወጣል። ከማለዳ እስከ ምሽት ከዴሞክራት ጎን ተቀምጦ የሚውል ግን ጠፋ። በመጨረሻ ቢሮው አንዲት ሴት አገኘ። ሴትዮዋ በስልክ የሰጠችው መልስ እስካሁን ይወራል። «አርባ ዓመት አሳማ ያረባሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን አያቅተኝም» አለች። ኦርፋ ነበረች።

በምርጫው ማለዳ ሉዌላ ማን እንደሚጠብቃት እያወቀች ጣቢያው ደረሰች። በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በሌላው ትሪ የሚያህል የቼሪ ፓይ ይዛለች፤ አስፈጻሚ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ያመጣውንም መራጭ ሁሉ ይቀምሳል። ኦርፋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ በእጇ ያንኑ የሚያህል የብሉቤሪ ፓይ። ሁለቱም ፓይ መጋገር የተማሩት ከእናታቸው ነው። አንዷ ከጓሮዋ ዛፍ ቼሪ ትለቅማለች፣ አንዷ ከእርሻዋ ዳር ብሉቤሪ፤ የሚጋግሩት እሱኑ ነው፣ ሌላ አያውቁም። ዴሞክራቷ የጋገረችው ደም መስሎ የቀላ፣ ሪፐብሊካኗ የጋገረችው ድፍን ሰማያዊ መሆኑን ከሁለቱ አንዳቸውም ልብ አላሉትም። መውጫው አጠገብ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸውና ሥራ ጀመሩ። ንግግራቸው ቁልፍ፣ ማኅተም፣ ፈርሚ ብቻ ሆነ።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰዉ ይመርጣል፣ «መርጫለሁ» የሚለውን ተለጣፊ ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ፓይ ቆርሶ ይወጣል። ነገር የመጣው ሮስኮ ሲገባ ነው። ሮስኮ የከብት መኖ ሻጭ ነው፤ ቀይ ኮፍያውን ውጭ አውልቆ መግባት ግዴታ ስለሆነ ራሱ ባዶ ሆኖ ከፍቶታል። ጠረጴዛውን አየና ፊቱ በራ። ቀዩ ፓይ ከሰማያዊው በለጥ ብሎ ተበልቷል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የማታውን ውጤት ከአሁኑ አየሁት ብሎ አንድ ወፍራም ቁራሽ ከቀዩ አነሳ።

ይኼን ዱዌን ሰማ። ዱዌን የእንጨት ሥራ መምህር የነበረ ጡረተኛ ነው፤ ከሉዌላ ጋር በአንድ ፓርቲ ስብሰባ የሚቀመጥ፣ በዓለም ላይ ተራ ቀልድ የሚባል ነገር እንዳለ ያልተነገረው ሰው። ቁራሹን ጨርሶ ሊወጣ የነበረው ዱዌን ተመልሶ ሁለተኛ ቁራሽ ከሰማያዊው ቆረሰ። ሮስኮም ሁለተኛ ከቀዩ። ዱዌን ሦስተኛ። ሌሎቹም ገቡበት፤ የጠገበው ለፓርቲው ሲል በላ። አንዷ ሴትዮ ስኳር በሽታ አለብኝ ብላ ባሏን ሁለት እንዲበላ አዘዘችው። የኋላ ኋላ ሮስኮ ዱዌንን በአንድ ሰው ስም ሦስት ጊዜ የሚመርጥ አጭበርባሪ አለው። ዱዌን ሹካውን አስቀምጦ ወደ አስፈጻሚዎቹ ጠረጴዛ መጣና መደበኛ አቤቱታ አቀረበ። በምርጫ ጣቢያ ውስጥ የፓርቲ ቅስቀሳ በሕግ ክልክል ነው፤ ቀዩ ፓይ ይነሳልኝ አለ። ሮስኮም ከኋላው፣ የሚነሳ ከሆነ ሰማያዊው ይነሳ አለ።

በገዛ ፓርቲዋ ሰው ፓይዋ ሲከሰስ ሉዌላ ምን ትበል? ተናደደች፣ አፈረች፣ ሊያስቃትም ፈለገ። ኦርፋ ግን ብድግ አለች።

«ዱዌን፣ ያ ቀዩ የእሷ ነው» አለች፣ ሉዌላን በአገጯ እያመለከተች። «የአንተው ዴሞክራት ናት የጋገረችው። ሰማያዊው የእኔ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሪፐብሊካን ፓይ ስትሰለቅጥ ነው የዋልከው።»

ዱዌን ከንፈሩ ላይ የቀረውን ሰማያዊ በመሀረብ ጠረገ። ሮስኮ ደግሞ ቁራሹን ወደ አፉ እንዳቀረበ ወደ ሉዌላ ዞረ።

«ሚስ ሉ፣ ይኼ የእርስዎ ነው እንዴ?» አለ፣ በልጅነቱ አውቶቡሷ ውስጥ በሚጠራት ስም።

«ጣፈጠህ?»

«በጣም እንጂ።»

«እንግዲያው ዋጠው። ደግሞ ሁለተኛ ክፍል ሳለህ አውቶቡሴ ውስጥ እንዳደረግከው እንዳታስመልሰው።»

ሳቁ ከዳር ዳር ተያያዘ። ዱዌን ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ቀለም ቀለም ነው ብሎ ከአቤቱታው አልወርድም አለ። ሁለቱ አስፈጻሚዎች ተስማምተው መፍረድ አለባቸው፤ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እህትማማቾቹ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ኦርፋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ሄዳ ክሬም ይዛ መጣች። ጎድጓዳውን ሳህን ኦርፋ ያዘች፣ ሉዌላ መታች፤ በልጅነታቸውም እናታቸው ሥራውን የምታካፍላቸው እንዲሁ ነበር። ክሬሙ ተመትቶ ጠንከር ሲል ኦርፋ ሳታስበው ጣቷን ልታስገባ ስትል ሉዌላ እጇን መታ አደረገቻት፤ ኦርፋም ሳታስበው ሳቀች። ከሁለቱም ፓይ የተረፈውን ቆራርጠው፣ ደባልቀው፣ ነጭ ክሬሙን ከላይ ደፉበት። ምኑ ቀይ፣ ምኑ ሰማያዊ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ከዚያ ሉዌላ ፍርዱን አሰማች። «ድምፅ ምስጢራዊ ነው። ፓይም እንደዚሁ። የደረሰውን ያልወደደ ዝም ብሎ ይዋጥ።»

ከሰዓት በኋላ በዚያ ምድር ቤት የነበረውን ደስታ እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ሰው ሁሉ ይነክስና የደረሰውን አይቶ ይስቃል። ዱዌን ራሱ ቀይ ደረሰው፤ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየው በላው። ከዓመታት ወዲህ መርጦ የወጣ ሰው ውጭ ቆሞ ከማዶኛው ጋር ሲያወራ የታየው ያን ቀን ነው፤ ወሬው የሊጥ ወሬ ቢሆንም።

ጣቢያው ሲዘጋ ግን ነገሩ ተመልሶ ከበደ። ሳቂው ሁሉ ሄደ፣ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ቦርሳውን አሽገው በኦርፋ መኪና ተነሱ፤ መሪውን የያዘችው ሉዌላ ናት፣ እሷ ባለችበት ሌላ ሰው ነድቶ አያውቅምና። በታጨደው የበቆሎ ማሳ መሃል ሲጓዙ ኦርፋ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሌን ወደ መቃብር የወሰደው መኪና እንኳ ከዚህ ይፈጥን ነበር አለች። ሉዌላ አሁን ካልተናገርኩ ነገ ተመልሰን በግራና በቀኝ እንቀመጣለን ብላ አሰበች። ግን መንገዱን እያየች መንዳቷን ቀጠለች። የከተማው መብራት ከሩቅ ታየ። ልባቸው ሳይገናኝ መንገዱ ሊያልቅ ሆነ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ኦርፋ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትጠጣ ውላ ሽንቷ ወጠራት። መታገስ እንደማትችል ስትናገር ሉዌላ ነዳጅ ማደያ አቆመች። አሁን ቦርሳው ምን ይሁን? ሉዌላ መኪና ውስጥ ከያዘችው ብቻዋን ከቦርሳው ጋር ቀረች ማለት ነው፤ ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ሁለት ባልቴቶች የፕላም ፎርክን ድምፅ በሙሉ ይዘው መጸዳጃ ቤት ገቡ። ኦርፋ በዚህም አልረካችም። የቦርሳውን ረጅም ማንገቻ በውስጠኛው የሽንት ክፍል በር ሥር አሾልካ አንዱን ጫፍ ውስጥ ሆና ያዘች፤ ሉዌላ ቦርሳውን አቅፋ ውጭ ቆመች። እጇን ልትታጠብ የገባች አንዲት ሴት ይህን አየች፣ ምንም ሳትጠይቅ ተመልሳ ወጣች።

ሉዌላ በሩን እያየች ቆመች። ፊት ከማየት በር ማየት ይቀላል።

«ኦርፋ።»

«ምነው?»

«ያኔ ጸሎቱ ላይ ያልኩት... ማለት አልነበረብኝም። አራት ዓመት ሙሉ ሲቆጨኝ ኖሯል።»

ማንገቻው ትንሽ ሳብ ተደረገ።

«እኔም መጸለይ አልነበረብኝም። ማለቴ፣ እሱን። አንቺ እንደምትበሳጪ አውቄ ነው የጸለይኩት። በእግዚአብሔር ስም ነው የነከስኩሽ።»

«ፓዩንስ ምን አደረግሽው?»

«የትኛውን ፓይ?»

«ኦርፋ!»

«መንገድ ዳር አቁሜ በእጄ በላሁት» አለች ኦርፋ። «እያለቀስኩ። ግማሹን።»

«ግማሹስ?»

«ለውሻው።»

ሉዌላ ሳቋ አመለጣት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ኋላ እንባዋ መጣ፤ ቦርሳውን እንዳቀፈች ግድግዳው ላይ ስትደገፍ ግድግዳው ላይ ያለው የእጅ ማድረቂያ ማሽን በራሱ ተነስቶ ፀጉሯን በተነው። ውስጥ ያለችውም ስትስቅ ተሰማች። አንዷ ከውስጥ፣ አንዷ ከውጭ፣ ማንገቻውን ግን አንዳቸውም አለቀቁም።

ቦርሳውን አስረከቡ። ማን እንዳሸነፈ ትጠይቁኝ ይሆናል። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ፣ ስለዚህ ይቅርባችሁ። ከሁለቱ አንዷ ደስ አላት፣ አንዷ ከፋት፤ ሁለቱም እስከዛሬ በያዙት ጸንተዋል፣ ዛሬም ስለ ግብር ሲነሳ ቤቱ ይናወጣል። ጣቢያውም አልተዘጋም፤ ኤልደን እግሩ ሲድን ወንበሩን ቢጠይቅ ኦርፋ ተቀምጦ ማንኮራፋት እቤቱም ይችላል ብላ ከለከለችው።

የምስጋና ቀን ሲደርስ ኦርፋ ክሬም የተደፋበት ፓይ ይዛ የሉዌላን በር አንኳኳች። እጅ ለእጅ ተያያዙ። ኦርፋ ስለ ጤና አመሰገነች። ስለ አዝመራው አመሰገነች። ከዚያ ቆም አለች፤ የሉዌላም እጅ የእህቷን እጅ ጥብቅ አደረገ።

«ጌታ ሆይ፣ ላሸነፈውም ለተሸነፈውም ልቦና ስጥ» አለች ኦርፋ። «ለእህቴም ስጣት። ባትሰጣትም ግን እንዳለች እወዳታለሁ።»

ሉዌላ ማንንም ሳትጠብቅ «አሜን» አለች፤ ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ተሰማ።

ማታ ኦርፋ ካፖርቷን ለብሳ ስትወጣ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። ሉዌላ አጥባ አደረቀችውና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በሳምንቱ ስልኩ ጮኸ፤ ኦርፋ ናት፣ ሳህኔስ ትላለች።

«ነይና ውሰጂው» አለች ሉዌላ።

ኦርፋ መጣች። ሲያወሩ ዋሉ፤ ስትሄድም ሳህኑን ረስታው ሄደች።